የሚቀጥለው ሐሙስ የሌለው ዕቃ

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚሸምት ነጋዴ ጆንያውን በውጭ መልኩ አይገዛም። እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ ከታች ይዘግናል፤ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ስባሪውን ከሙሉው ይለያል፤ አንዲቱን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቷን ይሞክራል። ማር የሚገዛው ይቀምሳል፤ ቅቤ የሚገዛው ያሸታል፤ በርበሬ የሚገዛው ባዕድ ነገር እንዳልገባበት በጣቱ ያሻል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን በካርቶን የታሸገ "የክብደት መቀነሻ ሻይ" ሲቀርብለት የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በማሸጊያው ላይ የተሣለችውን ቀጭን ሴትና ዕቃው የተነገረለትን የማስታወቂያ ብዛት።

ማስታወቂያው በእርግጥም በዝቷል። ሻዩ፣ ካፕሱሉ፣ "ማቅጠኛ ቡናው"፣ የሆድ ቀበቶውና የሚቀባው ቅባት በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ቀን ከሌት ይነገርላቸዋል። ቃሉ ብዙም አይለያይም። "ያለ ስፖርት"፣ "ያለ ምግብ ቁጥጥር"፣ "መቶ በመቶ ከዕፅዋት የተሠራ"፣ "የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው"፣ "በአጭር ቀን"። ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሱቅ አድራሻ የለም። ቀድሞ የትልልቅ ከተሞች ብቻ የነበረው ይህ ገበያ ስልክ በደረሰበት ሁሉ ይደርሳል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ለምትገኘው ለሐሙሲትም ሆነ ከእርሷ ቀጥላ ለምትመጣው ለወረታ ይህ ሩቅ አይደለም።

ጥያቄው የሁለት ወገን ነው። አንደኛው የሸማቹ ነው፤ ይህን ያህል የተነገረለት ዕቃ ይታመናልን? ሁለተኛው የነጋዴው ነው፤ "ሸጠህ ትከፍላለህ" ተብሎ የሚመጣለትን ካርቶን መደርደሪያው ላይ ማኖር ያዋጣዋልን? ሁለቱም አንድ መልስ ያላቸው ቢመስልም ወደ መልሱ የሚያደርሰው መንገድ ከሕክምናው ይልቅ ከገበያው ይጀምራል።

ውፍረት ከምስጋና ወደ ሥጋት

በዚህ አገር ውፍረት የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል። "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ምስጋና የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። በአገር ደረጃ ሲታይ ችግሩ መክሳት እንጂ መወፈር አልነበረም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአገሩ አማካይ የከተማውን መልክ አያሳይም። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ የሚውለው ነጋዴ፣ ከመሪ ላይ የማይወርደው ሾፌር፣ ከቢሮ ወንበሩ የማይነሣው ሠራተኛ ከገበሬው የተለየ ኑሮ ይኖራሉ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም በከተሜው ዘንድ የዘወትር ወሬ ሆነዋል። ከዚህ ላይ ገንፎና ቅቤ ጠግባ ከአራስ ቤት የወጣችውና የቀድሞ ቀሚሷ አልገባ ያላት እናት ትጨመራለች። ማስታወቂያው በተለይ የሚፈልጋትም እርሷን ነው። ስለዚህ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ገበያው የተፈጠረው ከባዶ አይደለም። አጠያያቂው የቀረበው ዕቃ ነው።

ብዙ ማስታወቂያ የጥራት ምስክር ነውን?

በነጋዴው ዘንድ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ፤ "ሰውየው በዕቃው ባይተማመን ይህን ሁሉ ገንዘብ ለማስታወቂያ አያፈስስም ነበር" የሚል። ይህ የሞኝ አስተሳሰብ አይደለም። ፊሊፕ ኔልሰን የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ ከዚሁ የሚቀራረብ ሐሳብ ይዟል። ሳሙና ወይም ቢራ የሚያመርት ድርጅት ለማስታወቂያ የሚያወጣው ወጪ የሚመለስለት ደንበኛው አንዴ ገዝቶ፣ ወድዶት፣ ደግሞ ደጋግሞ ሲገዛው ነው። መጥፎ ሳሙና በማስታወቂያ አንዴ ይሸጣል፤ ሁለተኛ አይሸጥም። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ብዙ ማስታወቂያ መኖሩ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ነገር ግን ይህ አስተሳሰብ የሚቆመው በሁለት ምሰሶ ላይ ነው። አንደኛው ገዥው ዕቃውን ከተጠቀመበት በኋላ ጥሩነቱን ማወቅ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ሻጩ ትርፉን የሚያገኘው ከተመላላሽ ደንበኛ መሆኑ ነው። በክብደት መቀነሻው ገበያ ሁለቱም ምሰሶዎች የሉም።

ዳርቢና ካርኒ የተባሉ ሌሎች ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳስረዱት ገዥው ከተጠቀመበት በኋላም ጥራቱን ሊያውቅ የማይችለው የዕቃና የአገልግሎት ዓይነት አለ። የክብደት መቀነሻው ከዚህ ይመደባል። ሴትዮዋ ሻዩን ጠጥታ 3 ኪሎ ብትቀንስ፣ የቀነሰችው በሻዩ ይሁን፣ እራት በመተዋ ይሁን፣ በሁዳዴ ጾም ይሁን መለየት አትችልም። ባትቀንስ ደግሞ ሻጩ መልሱ አፉ ላይ ነው፤ "በአግባቡ አልወሰድሽውም፤ ሁለተኛውን ፓኬት ጨምሪ" ይላታል። ዕቃው ሲሠራ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱ የገዥው ይሆናል።

ተመላላሽ ደንበኛ የሚባለውም አያስፈልገውም። ሐሙሲት ስሟ እንደሚያስታውሰው ከሐሙስ ገበያ ጋር የተቆራኘች ከተማ ናት። በሳምንታዊ ገበያ ሚዛን የሚያጓድል ወይም ማር ላይ ስኳር የሚያቀላቅል ሻጭ የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ የሚቀጥለውን ሐሙስ። ገዥው በዚያው ቦታ ያገኘዋል፤ በሰው ፊት ያዋርደዋል፤ ጎረቤቱን ያስጠነቅቅበታል። ገበያውን ያለ ፖሊስ ሥርዓት የሚያስይዘው ይህ የሳምንት ቀጠሮ ነው። በስልክ ቁጥር ብቻ የሚታወቀው ሻጭ ግን ቀጠሮ የለበትም። የአንዱ ገጽ ስም ሲበላሽ በሌላ ስም ይከፍታል፤ ሻዩም ቀለሙንና ስሙን ቀይሮ ይመለሳል። ለዚህ ሻጭ የማስታወቂያ ብዛት የመተማመን ምልክት ሊሆን አይችልም። ሁልጊዜ አዲስ ገዥ የሚያስፈልገው መሆኑን ግን ያሳያል።

የሂሳቡ ነገር

ማስታወቂያውን ለመመዘን የሕክምና ትምህርት የግድ አያስፈልግም፤ ነጋዴ የሚያውቀው ማባዛትና ማካፈል ይበቃል። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይዟል። አንድ አዋቂ ሰው እንደ ሥራውና እንደ ቁመናው በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። "በ10 ቀን 10 ኪሎ" የሚለው ማስታወቂያ እውነት የሚሆነው ሰውየው በ10 ቀን 77,000 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም በቀን 7,700 ከበላው በላይ ሲያቃጥል ነው። አንዳች እህል ሳይቀምስ 10 ቀን ቢቆይ እንኳ የሚያቃጥለው 25,000 ገደማ ነው። ይህ በስብ ሲተመን ከ3 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል።

ታዲያ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ 5 ወይም 6 ኪሎ በሳምንት ቀነስኩ የሚለው ሰው ይዋሻልን? ላይዋሽ ይችላል። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። በዓለም ዙሪያ "የማቅጠኛ ሻይ" ተብለው በሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ሰናመኪ ነው፤ አንጀትን የሚያስቀምጥ ቅጠል። ሌሎቹ ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ነገር አለባቸው። የሚያስቀምጠው ቅጠል የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን የምግቡ ኃይል ደግሞ አስቀድሞ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። የወጣው ውኃና ጨው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ሲጠጣ ሚዛኑ ይመለሳል። ገዥው የከፈለው ለተቅማጥ ነው ማለት ነው። ይህ ሲደጋገም ሰውነት የፖታስየም እጥረት ይገጥመዋል፤ ለልብም አደጋ ይሆናል።

ስለ ሆድ መጥረግ ከተነሣ ኮሶን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ኮሶ የዚህ አገር መድኃኒት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀሩ ገዝተውታል። መጠኑ ሲበዛ እንደሚጎዳም ይታወቃል። ሆኖም ኮሶ ዝናውን ያገኘው በማስታወቂያ አልነበረም። ትል አወጣለሁ አለ፤ ጠጪው በዚያው ቀን የወጣውን ትል በዓይኑ አየ። የተናገረውና የታየው አንድ ሆነ። "ከዕፅዋት የተሠራ" የሚለውን ቃል እንደ ዋስትና የሚያቀርበው የዘመኑ ማቅጠኛ ግን ይህን ፈተና ሊያልፍ አይችልም። ዕፅ መሆን ብቻውን ለደኅንነትም ሆነ ለፈዋሽነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ምስክሩና የጎኑ ማሳ

ማስታወቂያዎቹ ዘወትር የሚጠሩት ምስክር "ተጠቅሜ ለውጥ አየሁ" የሚለውን ሰው ነው። ከነፎቶግራፉ፣ "በፊት" እና "በኋላ" ተብሎ። መቶ ሰው ገዝቶ አምስቱ በራሳቸው ምክንያት ቢቀንሱ የሚናገሩት አምስቱ ናቸው። ዘጠና አምስቱ ገንዘባቸውን በማጣታቸው አፍረው ዝም ይላሉ። በገበያ ላይ የተሸጠውን ብቻ ቆጥሮ የተመለሰውን ዕቃ የማይቆጥር ነጋዴ ትርፉን እንደማያውቅ ሁሉ፣ የተሳካለትን ብቻ የሚያሳይ ማስታወቂያም የዕቃውን ዋጋ አይናገርም።

ትክክለኛው ፈተና ምን እንደሚመስል የፎገራ ገበሬ ያውቃል። በወረታ የሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አዲስ የሩዝ ዝርያ ጥሩ መሆኑን የሚናገረው ከነባሩ "ኤክስ ጅግና" ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት መሬት፣ በአንድ ዝናብ ዘርቶ ካነጻጸረ በኋላ ነው። አዲሱ ብቻውን ተዘርቶ ቢያፈራ ማንም "ዘሩ ነው" ሊል አይችልም፤ ዓመቱ ጥሩ ሆኖ ሊሆን ይችላልና። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን የወሰዱትና መሳይ ባዶ ክኒን የወሰዱት ጎን ለጎን ካልታዩ የሚነገረው ሁሉ የዓመቱን ዝናብ ለዘሩ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

የአረንጓዴ ቡናው ታሪክ

"ጥናት አረጋግጦታል" የሚለው ቃል ራሱ እንዴት እንደሚሸጥ ለማየት ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም የጥሬ ቡና ጭማቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በስፋት የሚታየው የዶክተር መህመት ኦዝ የቴሌቪዥን ዝግጅት የአረንጓዴ፣ ማለትም ያልተቆላ ቡና ጭማቂን ስብ የሚያቃጥል አድርጎ አወደሰ። ካፕሱሉም በገፍ ተሸጠ።

ለዚህ ሁሉ መሠረት የነበረው በሕንድ በ16 ሰዎች ላይ ብቻ የተደረገ ጥናት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን ሲመረምር የጥናቱ መሪ የሰዎቹን ክብደት ደጋግሞ እንደለወጠ፣ የጥናቱን ርዝመት እንደቀየረና ማን ጭማቂውን ማን ባዶውን እንደወሰደ በተሳሳተ መንገድ እንደገለጸ አስታወቀ። ጥናቱን ያሠራው ዕቃውን የሚሸጠው ኩባንያ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበበትን ክስ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት ከመጽሔቱ እንዲነሣ ተደረገ። ዶክተር ኦዝም በዚያው ዓመት ጁን ወር በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ አነጋገራቸው ተጠይቀዋል። የቡና መገኛ የሆነው አገር ሰው ከዘጌም ይምጣ ከጅማ ጥሬ ቡናን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል፤ በካፕሱል ታሽጎ ሲመለስለት ግን ያላወቀው ዕቃ ይመስለዋል።

ሌላው የሴንሳ ጉዳይ ነው። ምግብ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት ሲሆን "እንደ ልብህ ብላ፣ ነስንስበት፣ ትቀንሳለህ" ይል ነበር። ኮሚሽኑ እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ከ364 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ባለቤቶቹ የተስማሙበት ክፍያ 26.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ100 ዶላር ሽያጭ 7 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ኢንቨስተሩ ከዚህ ሊወስደው የሚገባው ትምህርት ተቆጣጣሪ ባለበት አገር እንኳ ቅጣቱ ዘግይቶና ቀልሎ እንደሚመጣ ነው። እናም "መጥፎ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ዝም አይልም ነበር" የሚለው መጽናኛ አያዋጣም።

በካፕሱሉ ውስጥ ያልተጻፈው

አንዳንዱ "ዕፅ" ግን በእርግጥ ይሠራል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሰውም ይከሳል። አሳሳቢው ይህኛው ነው። ሲቡትራሚን የተባለ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ ይሸጥ ነበር። ወደ 9,800 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 11.4 በመቶው፣ ባዶውን ከወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው ለልብና ለአንጎል የደም ሥር አደጋ ተዳረጉ። በአውሮፓም በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ ወጣ።

ከገበያ ወጣ ማለት ግን ጠፋ ማለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 ባዕድ መድኃኒት ያገኘባቸውን 776 "ማሟያ" ምርቶች መርምሯል። ከእነዚህ 317ቱ የክብደት መቀነሻ ነበሩ። ከ317ቱ ደግሞ በ269ኙ ውስጥ የተገኘው ይኸው ሲቡትራሚን ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ግን ተፈጥሯዊ ቅጠላ ቅጠል የሚል ነበር።

የፎገራና የደራ ሰው ጓያን ያውቃል። ጓያ ዛሬ በልቶ ዛሬ አያሳምምም፤ ለወራት የዘወትር ምግብ ሲሆን ነው እግር የሚይዘው። የተደበቀ መድኃኒት ያለበት ካፕሱልም ጠባዩ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ምስጋና ነው፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ነገር ኋላ ይመጣል። ቀድሞውኑ ግፊት ያለበት ነጋዴ ይህን ሲውጥ ዕዳው ከገንዘብ ያልፋል።

የሚሠራውስ?

ሁሉም የክብደት መቀነሻ ሐሰት ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል። ኦርሊስታት የሚባለው የምግብ ስብ በከፊል እንዳይመጠጥ የሚያደርግ መድኃኒት በዓመት ከባዶ ክኒን ይልቅ 3 ኪሎ ገደማ ብልጫ እንዳለው ታይቷል። በቅርብ ዓመታት ስሙ የገነነው ሴማግሉታይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት በ1,961 ሰዎች ላይ ተፈትሿል። በ68 ሳምንት የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው 14.9 በመቶ ሲቀንሱ ያልወሰዱት 2.4 በመቶ ቀንሰዋል። ይህ የጎን ማሳ ያለው ውጤት ነው።

ይሁንና በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። በሐኪም ትእዛዝና ክትትል በየሳምንቱ በመርፌ የሚሰጥ ነው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ አለው። ካቆሙት በኋላ በነበረው አንድ ዓመት ሰዎቹ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙ ስለገነነ ሐሰተኛው ተከትሎታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በአግባቡ ቀዝቅዞ መጓጓዝና መቀመጥ ያለበት መርፌ ከሻንጣ ወጥቶ በቴሌግራም ሲሸጥ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በመንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት ገዥው አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማስታወቂያ የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 3,234 ሰዎች ታይተዋል። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር የመሄድን ያህል ለመንቀሳቀስ የተመደቡት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ ቀንሶላቸዋል። በእግር መሄድን ግን ማንም በካርቶን አሽጎ ሊሸጠው አይችልም። ትርፍ የለውምና አስተዋዋቂ የለውም። የማስታወቂያ ብዛት የዕቃውን ጥቅም እንደማይለካ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሕጉና የነጋዴው ሂሳብ

በሕግ በኩል ክፍተት አለ ለማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 እና የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክለዋል። ይኸው የ2006ቱ አዋጅ "አንተ ግዛ፣ ሌሎች ገዥዎችን አምጣ፣ ገንዘብ ታገኛለህ" የሚለውን የፒራሚድ ሽያጭም ከልክሏል፤ የጤና ምርቶች ደግሞ በየአገሩ በዚህ መንገድ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ናቸው። ከሕጉ ይልቅ የሚጎድለው በየከተማው የሚዞር ዓይን ነው። በዚህም የተነሣ የመጨረሻው በር ላይ የቆመው ቸርቻሪው ራሱ ነው።

ለቸርቻሪው ነገሩን በብር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ ሱቅ 20 ፓኬት "ማቅጠኛ ሻይ" እያንዳንዱን በ300 ብር ተረክቦ በ900 ብር ሸጠ እንበል። ትርፉ 12,000 ብር ነው፤ በዘይትና በስኳር የማይገኝ። ከገዙት መካከል ግን አምስት ቤተሰብ ተታለልን ብለው ዘይቱን፣ ሳሙናውንና ስኳሩን ከጎረቤት ሱቅ መግዛት ቢጀምሩ፣ ከእያንዳንዱ በወር 300 ብር የሚያተርፍ ከነበረ በወር 1,500 ብር ያጣል። በ8 ወር ውስጥ የሻዩ ትርፍ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኪሣራ ነው። ይህም ዕቃው ሳይወረስ፣ ሰው ሳይታመም፣ ፈቃዱም ሳይነካ ነው።

በዚህ ስሌት አከፋፋዩና ቸርቻሪው አንድ አይደሉም። አከፋፋዩ በሚቀጥለው ወር ሌላ ከተማ ነው። ቸርቻሪው ግን በሐሙሲት ይኖራል፤ ልጆቹ ከገዥዎቹ ልጆች ጋር ይማራሉ፤ በለቅሶና በሠርግ ከእነርሱ ጋር ይቀመጣል። አከፋፋዩ የሚሸጠው ሻይ ቢመስልም በእውነቱ የሚጠቀምበት የቸርቻሪውን ስም ነው። ገዥዋ ፓኬቱን የምታምነው ማሸጊያውን አይታ ብቻ አይደለም፤ ከምታውቀው ሰው እጅ ስለወጣላት ጭምር ነው። ስለዚህ ያ 12,000 ብር የስሙ ኪራይ ነው፤ ኪራዩም ረክሷል።

ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለጋዜጦችና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንድም ቢገኝ ማስታወቂያውን እንዳይቀበሉ የሚመክርባቸው ሰባት ምልክቶች አሉት። እነርሱም፦ ያለ ምግብ ቁጥጥርና ያለ እንቅስቃሴ በየሳምንቱ 1 ኪሎ ያህል ለወርና ከዚያ በላይ ይቀንሳል ማለት፤ የፈለጉትን ያህል እየበሉ ይቀነሳል ማለት፤ ካቆሙት በኋላም አይመለስም ማለት፤ ስብን ወይም ካሎሪን አግዶ ብዙ ያስቀንሳል ማለት፤ ከ4 ሳምንት በላይ በየሳምንቱ ከ1.4 ኪሎ ገደማ በላይ ያለ ጉዳት ይቀነሳል ማለት፤ ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት፤ በመልበስ ወይም በመቀባት ይቀነሳል ማለት ናቸው። በየስልኩ የሚዞሩትን ማስታወቂያዎች በዚህ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ምልክት እንዳለባቸው ለማየት ብዙ አይደክምም።

ለአገራችን ነጋዴ ከዚህ ላይ ሦስት ጥያቄ መጨመር ይበቃል። ዕቃው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧልን? አስመጪው ማን ነው፣ ደረሰኝስ ይሰጣል? ገዥው ቢታመም ወይም ገንዘቡን ቢጠይቅ የሚመለስለት ለማን ሄዶ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ "ለእኔ" ከሆነ ነጋዴው የተረከበው ሻይ ብቻ ሳይሆን የሰው ዕዳም ጭምር መሆኑን ይወቀው።

ሸማቹም በበኩሉ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቱን በማስታወቂያ ቃል እንዳያቆም፣ እናቶችም በሚያጠቡበት ወራት ምንነቱ ያልታወቀ ነገር እንዳይጠጡ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። መቀነስ የሚያስፈልገው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱንና ስኳሩን ቢያስለካ የሚከፍለው ከአንድ ፓኬት ሻይ ሊያንስ ይችላል፤ የሚያገኘው ግን ቢያንስ እውነተኛ ቁጥር ነው። ለንግድም ለጤናም መነሻው ትክክለኛ ሚዛን ነው።